አያ ደረሰ ያላሰሩት ቄጤማ

አያ ደረሰን ለብዙ ዓመታት የማውቃቸው ከወገባቸው በላይ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ከወረታ ተነሥቼ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ጨፌ ሚካኤል በወረድሁ ቁጥር፣ መንደሩ ከመታየቱ በፊት የሚታዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሁልጊዜም ውሃ ውስጥ ቆመው ነው። ከወገባቸው በታች ያለው የኩሬው ነው። ከወገባቸው በላይ ያለው ደግሞ የእኛ የመንገደኞቹ ነው፤ ቀና ይላል፣ እጁን ከጭቃ አውጥቶ ሰላምታ ይመልሳል፣ ይቀልዳል።

«ከከተማ ምን ይዘህ መጣህ?» ይሉኛል።

«ጤና ይስጥልኝ አያ። ዛሬስ ባዶ እጄን ነኝ።»

«እሰየው! የቸገረኝ ባዶ እጅ ነው። በል ግባ።»

እኔም ጫማዬን አይቼ እስቅና አልፋለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላገዝኋቸውም። ውሃ ውስጥ ለምን እንደሚውሉም አጥብቄ አልጠየቅሁም። እምቦጭ ሲነቅሉ አያለሁ፤ እምቦጭ ደግሞ በዚያ አገር የሁሉም ጠላት ነው። ከጠላት ጋር የሚታገልን ሰው ምክንያትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ምክንያታቸውን የሰማሁት ዘንድሮ በ2017 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ከመንደሩ ሰው ጋር አብሬ ቆሜ ነው። የሰማሁትን ለመናገር ግን አስቀድሜ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ይኖርብኛል፤ የአያ ደረሰ ሕይወት ያለዚያ ቦታ አይገባምና።

የእኛ አገር ሰው ጣናን ሐይቅ አይለውም፤ ባሕር ነው የሚለው። ባሕሩም በዓመት አንድ ጊዜ ሊጠይቀን ይመጣል። ሐምሌ ሲጋመስ ርብና ጉማራ ከደጋው የሰበሰቡትን ውሃ ሜዳው ላይ ይዘረግፉታል፤ ባሕሩም በበኩሉ አብጦ ይጠብቃቸዋል፤ ሲገናኙ የፎገራ ሜዳ ራሱ ባሕር ይሆናል። ያን ጊዜ የሚካኤል ዋንዛዎች፣ ትልቁ ሾላና የቤቶቻችን ጣሪያ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው ይከርማሉ። ከጎረቤት እሳት ለመጫር በታንኳ የተሄደበትን ክረምት አስታውሳለሁ።

መስከረም ሲያልፍ ውሃው ይሸሻል። ትናንት ውሃ የነበረው ዛሬ ጭቃ ነው፤ በሳምንቱ ጭቃው አረንጓዴ ነው። በውሃው ጠርዝ ላይ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ጸጉራም ራሱን ለነፋስ ይሰጣል። ከደንገሉ ወዲህ ፊላው አለ፤ ከፊላው ወዲህ ቄጤማው፤ ከቄጤማው ወዲህ ከብት የሚወደው ለስላሳ ሣር፤ ከሣሩ ወዲህ አፋፉ ላይ አደይ አበባው። እንደ ቀሚስ ጥለት ነበር፤ አንዱ ቀለም ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። ከብቶቻችን ሣሩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሲግጡ ነጫጭ ወፎች ጀርባቸው ላይ ይሳፈራሉ። ውሃው ለቅቆት በሄደው መሬት፣ ውሃ ሸሽ በምንለው፣ ሽምብራና ጓያ ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ ይበቅሉ ነበር። ልጅ ሳለሁ ምድር ሁሉ እንዲህ ያለች ትመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጨፌው በአብዛኛው ሩዝ ነው። ሩዙን አልነቅፈውም፤ የመንደራችንን ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ያወጣ፣ የስንቱን ልጅ ደብተርና እስክርቢቶ የገዛ እሱ ነው። ብቻ ሩዙ ሲገባ ሌላው ቦታ ለቀቀለት። ከጥለቱ ቀለሞች አንዱ ሲጠፋ ሰው ቶሎ አያስተውልም።

በዚያ ሜዳ መካከል አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ የአያ ደረሰ የአባታቸው ይዞታ ናት። ውሃው ሲሸሽ እዚያች ውስጥ ይቀርና ኩሬ ይሆናል። ሌላው ኩሬ በጥር ሲሰነጣጠቅ ይህች እስከ ፋሲካ ድረስ ትቆያለች። ዙሪያዋን ቄጤማ ከብቧት ነበር። የጨፌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የቀዳም ሥዑር ቄጤማ የሚመጣው ከዚያች ኩሬ ነው። ማን እንደ ደነገገው የሚያውቅ የለም። የአያ ደረሰ አያት አመጡ፣ አባታቸው አመጡ፣ እሳቸው አመጡ።

አስተጫጨዱ ሥርዓት ነበረው። በዓርብ ስግደት ማጭድ ስለማይነካ፣ ቄጤማው በጸሎተ ሐሙስ ከቀትር በፊት ይታጨዳል። ሥሩ እንዳይጎዳ ከውሃው አንድ ጣት ያህል ከፍ ተብሎ ይቆረጣል። ነዶው በራሱ በቄጤማው ይታሰርና ግንዱን ወደ ታች አድርጎ እዚያው ኩሬው ውስጥ ይቆማል፤ እንዲህ የቆመ ቄጤማ ሳምንት እንኳ ቢቆይ ትናንት የታጨደ ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት ውሃው በጀርባ ላይ እየተንጠባጠበ በትከሻ ወደ ሚካኤል ይወጣል። ካህናቱ ባርከው ለየሰዉ ያድሉታል፤ ሰዉም በራሱ ላይ ያስረዋል። ርግቢቱ ለኖኅ ለምለም ቄጤማ ይዛ መጥታ ውሃው መጉደሉን ያበሠረችበት መታሰቢያ ነው። ይህ ነገር በሌላ አገር የጥንት ታሪክ ነው። እኛ ዘንድ ግን በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ነበር፤ ውሃ አገር ሲውጥ አይተናል፣ ውሃ ጎድሎ አረንጓዴ ሲወጣም አይተናል። እንዲያውም በልጅነቴ መርከቢቱ ያረፈችው ከሚካኤል ዋንዛ ሥር ነው የሚል እምነት ነበረኝ፤ የኔታ ቢያርሙኝም ብዙ አልተቀበልኋቸውም።

በ2006 ዓ.ም. ከአያ ደረሰ ኩሬ ቄጤማ አልመጣም። ከወረታ ገበያ ተገዝቶ በባጃጅ መጣ፤ መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ስለነበር ሲደርስ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ገበያው የሚባለው የአያ ደረሰ የመሬት ጎረቤት፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ አንዱን ዘለላ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«አባ፣ ይኸ ቄጤማ ነው ወይስ የሽንኩርት ቅጠል?»

«ዝም ብለህ እሰር» አሉት ቄስ ባየህ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ። «አንተም ስትጾም እንዲሁ ነው የምትጠወልገው፤ ማን ምን አለህ?»

ሰዉ ሳቀ። አያ ደረሰ ግን አልሳቁም። ተራው ሲደርሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ለእኔ ይቅርብኝ አባ» አሉና በራሳቸው ላይ ምንም ሳያስሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው ዓመት ሰዉ ማውራት ጀመረ። «ቄጤማ ከሌላ ስለተገዛ አኩርፈው ነው» ያለ አለ። «ከሚካኤል ጋር ይኮረፋል እንዴ?» ያለም አለ። አሥራ አንድ ፋሲካ እንዲህ አለፈ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቄስ ባየህ የዓመቱን በዓላት ሲያውጁ ፋሲካ በሚያዝያ መጨረሻ፣ በሃያ ሰባት እንደሚውል ተናገሩ። አያ ደረሰ ይህን ሰምተው ተጨነቁ። ኩሬዋ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ትቆያለች፤ እስከ ሃያ ሰባት ግን ትቆይ ይሆን? ይህን እያሰቡ ሳለ አንድ ቀን ለታንኳ የሚሆን ደንገል ሊያጭዱ ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። በደንገሉ መካከል አይተውት የማያውቁት ተክል ተንሳፎ አገኙ። ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ አንገቱ እንደ ፊኛ አብጧል፤ ከመካከሉ ሐምራዊ አበባ ቆሟል፤ በአበባው የላይኛው ቅጠል ላይ ቢጫ ዓይን አለ። እጃቸውን ከቅጠሉ ሥር ሲያስገቡ ውሃው ቀዝቃዛ ሆነባቸው። ፀሐይ አላገኘውም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ይህ ቅጠል ኩሬዋን እንደ ጎጆ ክዳን ቢሸፍናት፣ ፀሐይ ውሃዋን አይጠጣባትም።

ሦስት ሥር ይዘው ሲመለሱ ባለቤታቸው ጥሩብርሃን ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው።

«ምንድን ነው ያንጠለጠልኸው?»

«አበባ ነው። እይው እስቲ፣ የጣዎስ ላባ አይመስልም?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አበባ ይዘህልኝ መጥተህ አታውቅም። ዛሬ ምን ታየህ?»

«ለአንቺ አይዶለም፤ ለኩሬዋ ነው።»

«አወይ ዕድሌ! ኩሬዋ በለጠችኝ!» አለች ጥሩብርሃን። ግን አንዱን አበባ ቀጥፋ ጸጉሯ ውስጥ ሰካችው።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቆይቶ ስለነበር ኩሬዋ አልደረቀችም። አያ ደረሰ ግን ሦስቱ ሥሮች ያተረፏት መሰላቸው። በሚያዝያ መጨረሻ የወጣው ቄጤማ ለምለም ነበር፤ ቄስ ባየህ ነዶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ደረሰ፣ ዘንድሮ ከገነት ነው ያጨድኸው» አሏቸው። አያ ደረሰ ይህን ቃል አልረሱትም።

ክረምቱ መጣ፤ ውሃው ኩሬዋንና የጎረቤታቸውን የገበያውን የከብት ማጠጫ አንድ አድርጎ ሸፈናቸው። በጥቅምት ሲሸሽ ኩሬዋ የለችም። በቦታዋ አረንጓዴ መስክ ተዘርግቷል፤ ከላዩ ሐምራዊ አበባ። ሰዎች ሊያዩት መጡ። እኔም ያን ጊዜ ከወረታ ወርጄ ነበርና እንደ ሌላው ቆሜ አደነቅሁ። ከሥሩ ቄጤማው እየታፈነ እንደሆነ አንዳችንም አላየንም። የገበያው ማጠጫም እንዲሁ ሆኖ ነበር።

በየካቲት የገበያው ላም ሞተች። አደይ ይላታል፤ ከፎገራ ዘር የሆነች፣ ነጭና ጥቁር፣ ለአምስት ልጆቹ ወተት የምትሰጥ። መስክ መስሏት እምቦጩ ላይ ወጣች። እግሯ ሲገባ ሥሩ ተጠመጠመባት። መንደሩ ገመድ ይዞ ሮጠ፤ ከፊት ሆነው ገመዱን የሚስቡት አያ ደረሰ ነበሩ። አልሆነም። አፍንጫዋ ብቻ ከአበባው መካከል ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ እሱም ገባ። ቀልደኛው ገበያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ «ባሕሩን ምን አደረግሁት? ይኸን መርዝ ምን አድርጌው ነው የሰደደብኝ?» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አያ ደረሰ ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። «ባሕሩ አይዶለም፤ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፋቸው ውስጥ ነበር። አልወጣም።

እውነቱን ለመናገር፣ ባሕሩ ራሱም በዚያው ዓመት እምቦጩን ይዞ መጥቷል። ከባሕሩ ዳር ያሉ መንደሮች ሁሉ ተሸፍነው ነበር፤ በኋላም ሰዉ ከየአገሩ በመኪና እየተጫነ ሊነቅል መጣ። አደይን የገደለው ከአያ ደረሰ ሦስት ሥር የተራባው ይሁን ከባሕሩ የመጣው፣ ማንም ሊለየው አይችልም። አያ ደረሰ ይህን ያውቁ ነበር። ሊጽናኑበት ግን አልፈለጉም። «ባሕሩ ኋላ መጣ፤ እኔ ቀደምሁት» ይሉ ነበር ለባለቤታቸው።

በዚያ ሰሞን ተሳሉ፤ ከዚያችው ኩሬ ቄጤማ በቅሎ ለሚካኤል እስኪደርስ ድረስ በራሳቸው ላይ ቄጤማ ላያስሩ።

«ስእለቱስ ይሁን» አለች ጥሩብርሃን። «ገበያውንስ?»

«ቄጤማው ሲበቅል እነግረዋለሁ።»

«ቄጤማው ምን አገባው? አሁን ንገረው እንጂ።»

«ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበለው?»

ከዚያ በኋላ ነው ከወገባቸው በላይ ብቻ የሚታዩ ሰው የሆኑት። በጥር እምቦጩን ነቅለው አፋፉ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ ያቃጥሉታል። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲነካው ጭቃው ውስጥ የቀረው ዘር እንደ ጣት ጥፍር ያለች ቅጠል ያወጣል፤ እሷን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ሌላ ያመጣል፤ መስከረም እንደገና ይጀመራል። ኩሬዋን በጭቃ ክትር ከበቧት፤ ክትሩ ላይ ደንገል ተከሉ፤ ጎርፉ ሲገባ ደንገሉ እንደ ወንፊት ሆኖ እምቦጩን እንዲያስቀር። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንገል ውስጥ ምን እንደሚያዝና ምን እንደሚያልፍ ስላዩ ነው።

ገበያው በዚያ ሲያልፍ ያያቸውና ይቀልዳል። «አያ፣ ጉማሬ ሊሆኑ ነው እንዴ? ሰሞኑን ጆሮዎ ሁሉ አንሶብኛል!»

«ቆዳዬ እንኳ ደርሷል» ይሉታል፤ ይስቃሉም። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። ይህን ያየችው ጥሩብርሃን ብቻ ናት።

በስድስተኛው ዓመት ኩሬዋ ጠራች። ቄጤማው ግን አልተመለሰም። ሥሩ ጭቃው ውስጥ በስብሷል። በአካባቢው ሲፈልጉ የቀረው ሁሉ ወይ ሩዝ ሆኗል ወይ እምቦጭ ውጦታል። ገበያ የሚመጣው ደግሞ የታጨደ ነው፤ ሥር የለውም። የዚያን ዓመት ጥሩብርሃንን ቁርጥማት ያዛትና ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዷት። ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ፍል ውሃው ወደ ጉማራ በሚወርድበት፣ በሚቀዘቅዝበት ቦታ፣ ጥሩብርሃን እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣ ሳለች ድንገት ጠራቻቸው።

«ደረሰ፣ እስቲ ና። ይኸ ምንድን ነው?»

ከድንጋዩ ሥር አንድ እቅፍ የሚሞላ ቄጤማ ነበር። አያ ደረሰ ተንበርክከው ዳሰሱት፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ሲቀጠፍ ሽታው እንደዚያው እንደ ኩሬዋ። ጥሩብርሃን በዚያ በታመመ እጇ ጭቃውን ፍቃ ሥሩን አወጣች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አርጥባ ጠቀለለችው።

«ለኩሬዋ ነው» አለች። «ለአንተ አይዶለም።»

በ2014 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ አረፈች። ሥሩ ያን ጊዜ ይዞ አንድ ክንድ ያህል በቅሎ ነበር፤ ለነዶ ግን አይበቃም። ከማረፏ በፊት የተናገረችውን አያ ደረሰ በዚያ ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት ደገሙልን፦ «ቄጤማውን ከመስጠትህ በፊት ንገራቸው። ከሰጠህ በኋላ ከነገርሃቸው፣ ይቅርታ መግዛትህ ነው።»

ዘንድሮ ቀዳም ሥዑር ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ሰዉ በዋንዛዎቹ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ አያ ደረሰ ከአፋፉ ሥር ብቅ አሉ። ትከሻቸው ላይ አንድ ነዶ አለ፤ ውሃው በጀርባቸው እየወረደ ነጠላቸውን አጣብቆታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከወገባቸው በታች ያለውን አየሁት፤ እግራቸው ተጣምሟል፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ሰዉ እልል ሊል አፉን ሲከፍት አያ ደረሰ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩኝ» አሉ። «አባ፣ ይኸን ከመቀበልዎ በፊት የምናገረው አለኝ።»

ነዶውን መሬት ላይ አላስቀመጡትም፤ ተሸክመውት ነው የተናገሩት። ሦስቱን ሥር፣ አበባውን፣ የታፈነውን ቄጤማ፣ ገመዱን፣ ጥሩብርሃን በነጠላዋ ጠቅልላ ከወንዛዬ ያመጣችውን ሥር፣ ሁሉን ተናገሩ። የባሕሩን ነገር አላነሡም፤ ሰበብ ሊሆናቸው የሚችለውን ሁሉ ተዉት። በመጨረሻ ወደ ገበያው ዞሩ።

«ገበያው፣ አደይን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ገመዱን ይዤ ስታለቅስ ዝም አልሁህ። አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልሁህ።»

የገበያው የሁልጊዜው ቀልደኛ ፊት ባዶ ነበር። ጋቢውን አጣፋና በሰዉ መካከል አልፎ በበሩ ወጣ፤ ቄጤማም አልወሰደ።

ቄስ ባየህ ነዶውን ተቀበሉ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ከዚያም ማደል ጀመሩ። ነዶው አነስተኛ ስለነበር ለአንድ ሰው አንዲት ዘለላ ብቻ ደረሰ። ያቺን አንዲት ዘለላ በራሴ ላይ ሳስራት የውሃው ቅዝቃዜ በግንባሬ ወረደ፤ የልጅነቴ ሽታ ነበረው። አያ ደረሰም የራሳቸውን ዘለላ ተቀበሉ። ስእለታቸው ደርሷል፤ ሁሉም ሲያስሩ ለማየት ይጠብቃል። አላሰሩም። በእጃቸው ይዘዋት ቁልቁል ወረዱ። ከላይ ሆኜ ስመለከት ኩሬዋ ዳር ተንበርክከው ዘለላዋን ውሃው ውስጥ አቆሟት።

ፋሲካን እንደዚያው ዋሉ። ልጃቸው ንጋት ከአንበሳሜ መጥታ ዶሮ ብትሠራላቸው ጥቂት ቀምሰው ተዉት አሉ። «ስእለትዎ ደርሶ የለም?» ብትላቸው «ስእለቱስ ደርሷል፤ ገበያው ነው ያልደረሰልኝ» አሏት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ወረታ ልመለስ ስል በኩሬዋ አጠገብ አለፍሁ። አያ ደረሰ እንደ ወትሮው ውሃ ውስጥ ናቸው። ሰላም ስላቸው ቀና አሉ፤ ምን ይዘህ መጣህ ግን አላሉኝም። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁና ዞርሁ። ገበያው መንሽ ተሸክሞ ይመጣል። እኔን እንዳላየ አለፈኝ። ክትሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ኩሬዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ያቺ በነጠላ ተጠቅልላ የመጣች ሥር የታለች?» አለ።

«የቷ?»

«የወንዛዬዋ። ጥሩብርሃን ያመጣቻት።»

አያ ደረሰ በእጃቸው አመለከቱት። ገበያው ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ውሃው ገባ፤ ቄጤማውን ዳሰሰው። ከዚያ ለብቻዋ የቆመችውን ዘለላ አየ።

«ይችስ የማን ናት?»

«የኔ ናት። የቅዳሜዋ።»

«አላሰሯትም?»

«አንተ ሳትወስድ እንዴት አድርጌ?»

ውሃው ላይ አንዲት ጥፍር የምታህል የእምቦጭ ቅጠል ተንሳፋ ነበር፤ ገበያው ጎንበስ ብሎ ለቀማትና ወደ አፋፉ ወረወራት።

«አደይ ተራጋጭ ነበረች» አለ። «አላወራውም እንጂ ሁለት ጥርሴን ያረገፈችው እሷ ናት።»

አያ ደረሰ ሊስቁ ከጀሉና አልሆነላቸውም።

«ይቅር አላልሁዎትም ገና» አለ ገበያው፣ ፊቱን ወደ እሳቸው ሳያዞር። «ልልዎት ብዬ ትናንትም ተነሥቼ ነበር፤ መንገድ ላይ ተመለስሁ። የልጆቹ ወተት ትዝ አለኝ።»

«አላልኸኝም። አውቃለሁ።»

«ብቻ ክረምቱ ደረሰ። ይኸን ክትር በዚህ ወገን አሳንሰውታል። ጎርፉ የሚመጣ በዚህ ነው፤ በኔ መሬት በኩል። ደንገሉንም ከወዲያ አምጥተን መትከል አለብን።»

አያ ደረሰ ወደ ዘለላዋ ሄደው ከውሃው አወጧት። አራት ቀን ቆይታም ለምለም ነበረች። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ሰነጠቋት፤ አንዱን ግማሽ ለገበያው ዘረጉለት። ገበያው እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለ። ተራ በተራ ሳይሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ አሰሩ፤ አያ ደረሰን ቋጠሮው እምቢ አላቸውና ገበያው ከኋላ ዞሮ ቋጠረላቸው።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ጎነበሱ። እኔም መንገዴን ቀጠልሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ ዞሬ አየሁ። ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ ከደንገሉ ያልፍ እንደሆነ፣ ያቺ አንዲት እቅፍ ቄጤማ የሚመጣውን ፋሲካ ታይ እንደሆነ፣ እነሱም አያውቁት፣ እኔም አላውቅ። ከዚያ ርቀት የሚታየኝ ሰፊው ሜዳ፣ ከሜዳው ባሻገር ባሕሩ፣ ከመካከል ደግሞ ከወገባቸው በላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በራሳቸው ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለ።